መልስ፦ የጎጃም ጣቢያዎች ለምን ሁሉም ከሁሉም ጋር ተያያዙ?

የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎችን እንደ ነጥብ ወስደህ፣ ዝናባቸው አብሮ ከፍ ዝቅ የሚለውን በመስመር ስታገናኝ ኔትወርኩ ሁሉንም ከሁሉም ጋር ለምን እንዳያያዘብህ ጠይቀሃል። መጀመሪያ የወቅቱን ተጽዕኖ ከዳታው አስወግድ። የባሕር ዳር፣ የዳንግላ፣ የሞጣና የደብረ ማርቆስን ወርሃዊ ዝናብ እንዳለ ይዘህ ኮሪሌሽን (ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው ከፍ ዝቅ እንደሚሉ የሚያሳይ ቁጥር) ስላሰላህ ነው ሁሉም የተያያዙብህ። ክረምት ሲገባ ሁሉም ጋ ይዘንባል፣ በጋ ሁሉም ጋ ይደርቃል፤ ኔትወርክህ ያሳየህ ይህንኑ ብቻ ነው።

1. ለየጣቢያው የየወሩን የብዙ ዓመት አማካይ አውጣ። ከእያንዳንዱ ዓመት ሐምሌ የሐምሌን አማካይ ቀንስ፣ ነሐሴንም እንደዚሁ።
2. ኮሪሌሽኑን በቀረው ልዩነት ላይ አስላ።
3. መስመር የምታሰምርበትን ገደብ ዝም ብለህ 0.5 አትበል። የአንዱን ጣቢያ ዓመታት ቅደም ተከተል አዘበራርቀህ ደጋግመህ አስላና በአጋጣሚ ከሚመጣው በግልጽ የሚበልጠውን ብቻ አስቀር። እዚህ ላይ አትቸኩል፣ ግማሹ ሥራ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት አይቻለሁ። መስመር ስላለ አንዱ ሌላውን ይነካል ማለት አይደለም። ኤልኒኞ ሲመጣ፣ ማለትም የሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ወገብ አካባቢ ሲሞቅ፣ የእኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይዳከማል፤ 2015 እንደ ፈረንጆቹ የሆነውን ታስታውሳለህ። ያኔ ሞጣና ደብረ ማርቆስ አብረው ዝቅ ቢሉ የጮቄን ተራራ ተሻግረው ተነጋግረው ሳይሆን ሁለቱንም የመታቸው አንድ ነገር ስለሆነ ነው። ስለዚህ የኒኞ 3.4ን (ኤልኒኞ የሚለካበትን የፓስፊክ ወገብ አካባቢ) የባሕር ሙቀት መረጃ እንደ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አስገባና የእሱን ድርሻ የሚቀንስ ከፊል ኮሪሌሽን ሞክር። ከዚያ በኋላ የሚተርፉት መስመሮች ናቸው ስለ አካባቢው የሚነግሩህ።