ብሮውዘር ልቀይር ወይ ላልከው ወንድም

ሰላም ወንድሜ፣ ክሮም ራሜን (የኮምፒውተሬን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ጨረሰው፣ ወደ አዲስ ብሮውዘር ልዙርና ዴቨሎፕመንቱንም እዛው ልስራ ወይ ብለህ የጠየቅከውን አይቼ ነው። ሌሎቹ «ሞክረው ምን ችግር አለው» ብለው አልፈውሃል፣ እኔ ግን በዚህ ነገር ፍዳዬን ስላየሁ ትንሽ ይረዝማል ታገሰኝ። መቼም አንተም እዚሁ ባህር ዳር ለሆቴልና ለመስሪያ ቤት ዌብሳይት ከሚሰሩት ነህ ብዬ ነው የምጽፈው።

1. ከስሙ በፊት ሞተሩን እይ፣ ማለቴ ኮዱን አንብቦ ገጹን ስክሪን ላይ የሚያወጣውን የውስጥ ክፍል። ብሬቭ በለው ቪቫልዲ በለው ኦፔራ በለው ኤጅ በለው ውስጡ ክሮሚየም ነው፣ ክሮም ራሱ የተሰራበት። ያው ባጃጅ ነው፣ የወንበሩን ልብስ ነው የቀየሩት። ኦፔራ በፈረንጆቹ 2013 የራሱን ሞተር ትቶ ነው የገባበት፣ ማይክሮሶፍትም ኤጅን በ2020 ወደዛው አዞረው። ስለዚህ «በብሬቭም ቴስት አድርጌዋለሁ» ብትለኝ በክሮም ያየኸውን ደግመህ አየህ ማለት ነው፣ ራሙም ላይ ተአምር አትጠብቅ። የምር ሌላ ነገር ማየት ከፈለክ ፋየርፎክስ ዴቨሎፐር ኤዲሽንን አውርድ። ሞተሩ ጌኮ ነው፣ ለብቻው ፕሮፋይል (የራሱ ሴቲንግና ታሪክ ማስቀመጫ) ስለሚከፍት የድሮውን ፋየርፎክስህን አይነካብህም፣ የግሪድ መስመሮቹን፣ ያው ገጹን በረድፍና በአምድ የምንከፍልበትን፣ ደግሞ ቁጥር ሰጥቶ ገጹ ላይ ይስልልሃል፣ እኔ ለሱ ብቻ ስል ከላፕቶፔ አላጠፋውም።

2. አይፎን። እዚህ አገር አይፎን ላይ ክሮምም ጫን ፋየርፎክስም ጫን ከስር ዌብኪት ነው፣ የአፕል ብሮውዘር የሳፋሪ ሞተር። ማክ ከሌለህ (ማን አለው) ሊኑክስ ላይ ኤፒፋኒ የሚባለውን በዌብኪት የሚሰራ ብሮውዘር ጫን፣ ሳፋሪን ባይተካም ትልልቁን ብልሽት ያሳይሃል።

3. ዋናው ይሄ ነው፣ አንተ አዲስ ብሮውዘር ስታማርጥ ደንበኛህ ምን ላይ እንደተቀመጠ እወቅ። አንድ መስሪያ ቤት፣ ስሙን ልተወው፣ ዌብሳይት ሰራሁላቸው። እኔ ጋ በክሮምም በፋየርፎክስም ልቅም ያለ ነው። የርክክብ ቀን ኃላፊው በራሱ ኮምፒውተር ሲከፍተው ሜኑው ተዘርግቶ ግማሹን ገጽ ሸፍኖታል፣ በተኖቹ ቀለም የላቸውም፣ ፎቶዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተዋል። ሰውየው ወደኔ ዞር እንኳን ሳይል ለጸሐፊዋ «ይሄ ልጅ ያላለቀ ስራ ነው ያመጣልን» አላት። ላፕቶፔን አውጥቼ ባሳየው «ያንተ ኮምፒውተር ለኔ ምን ይሰራልኛል» አለኝ። ቀሪው ክፍያ ተያዘ። ከዛ በኋላማ ነገ ና፣ ሰኞ ና፣ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ፊልድ ወጥተዋል፣ ከፔዳ በባጃጅ ስመላለስ ሒሳቡ ሌላ ወጪ ሆነብኝ። ቢሮ በር ላይ ቆመህ «ምን ነበር?» የሚሉህ ነገር ደግሞ አለ አይደል፣ ትናንት ያናገሩህ ሰዎች!

የአይቲ ክፍሉ ልጅ ግን ጨዋ ነው፣ እባክህ አንዴ ልቀመጥ አልኩት አስቀመጠኝ። ሴቲንግ ገብቼ «ስለ ክሮም» የሚለውን ስከፍት ቨርዥን 109 ይላል። ወዲያው ገባኝ። ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ 7 ናቸው፣ ክሮም ደግሞ ለዊንዶውስ 7 በ2023 መጀመሪያ 109 ላይ ነው ያቆመው፣ ከዛ ወዲያ አፕዴት ብትለው ንቅንቅ አይልም። እኔ የተጠቀምኩት የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የምንጽፍበት ቋንቋ) ኔስቲንግ፣ ያው አንዱን ሩል በሌላው ሆድ ውስጥ የምንጽፈው፣ ክሮም ላይ የገባው 112 ላይ ነው። አሮጌው የውስጡን ሩል ዘሎት ያልፋል፣ ኮንሶል (የብሮውዘሩ የስህተት መልእክት ማሳያ) ላይም ኢረር የለ ምን የለ። ፋየርፎክስ እንጫንላቸው እንዳትል እሱም ለዊንዶውስ 7 115 ላይ ነው የቆመው፣ ኔስቲንግ የገባው ደግሞ 117 ላይ፣ ዕድል ማለት እንዲህ ነው እንግዲህ።

ማታውኑ ላይትኒንግ ሲኤስኤስን፣ አዲሱን ሲኤስኤስ ለአሮጌ ብሮውዘር የሚቀይረውን ፕሮግራም፣ ቢልዱ (ኮዱ ለዌብሳይቱ የሚዘጋጅበት ሂደት) ውስጥ አስገብቼ ታርጌቱን ክሮም 109 አልኩት፣ ሁሉንም ወደ ድሮው አጻጻፍ ዘርግቶ አወጣልኝ፣ በእጄ አንድ ሩል አልነካሁም። በነጋታው ወስጄ ከፈትኩላቸው፣ ቁልጭ አለ። የአይቲው ልጅ እንዴት አደረግከው ብሎ ቁጭ ብሎ ተማረ፣ ኃላፊው ግን «አየህ፣ ስትፈልግ ትችላለህ» ብሎኝ ወጣ። ክፍያውም ወዲያው እንዳይመስልህ፣ ሰኔ 30 በጀት ተዘጋ ተብሎ ወደ አዲሱ ዓመት ተሻገረ።

አሁን ስራ ስይዝ ከሎጎና ከፎቶ በፊት የምጠይቀው የ«ስለ ክሮም»ን ስክሪንሹት በቴሌግራም ላኩልኝ ነው። ውሉም ላይ ከየትኛው ቨርዥን ጀምሮ እንደሚሰራ እጽፋለሁ፣ ሲያዩት ይስቃሉ፣ ይሳቁ።

4ኛ ደግሞ ለዘጌ ጀልባ የሚያስይዙ ልጆች ስራ ካመጡልህ ስልካቸውን ተቀብለህ እይ፣ ኦፔራ ሚኒ ካለ ዳታ በደንብ በሚቆጥበው ሞዱ ላይ ገጹ ሰርቨር ላይ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፣ ጃቫስክሪፕትህ (ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ) እንደለመድከው አይሰራም። ቡኪንጉን ያለ ጃቫስክሪፕት ሰብሚት የሚሆን ተራ ፎርም አድርገው።

ፓስወርዶችህን ወደ አዲሱ ስታዞር ኤክስፖርት ያደረግከውን ፋይል ኢምፖርት እንዳለቀ አጥፋው፣ ዳውንሎድ ውስጥ ለማንም ተከፍቶ ነው የሚቀመጠው፣ ላፕቶፕህን ደግሞ ስንት ሰው እንደሚዋስህ አውቃለሁ።

የራሙን ነገር በተመለከተ መጀመሪያ ኤክስቴንሽኖችህን ቀንስና ክሮም ላይ ሜሞሪ ሴቨርን (የማትጠቀምበትን ታብ የሚያሳርፈውን) አብራ። ስንት ጊጋ እንዳለህ ግን አልጻፍክም፣ 4 ከሆነ ብሮውዘሩን ተወውና ራም ግዛበት።