ቢጫ ነጠብጣብ ያለው ሳላማንደር የት ይገኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ቢጫ ነጠብጣብ ያለውን ሳላማንደር (እንሽላሊት የሚመስል፣ ቆዳው ቅርፊት የሌለው እንስሳ) ካላየሁ ብላ አላስቆም አላስቀምጥ ብላኛለች። ሞቃቱን በጋ ወንዝ ዳር ድንጋይ ስንገለብጥ ብንከርምም አላገኘንም። የት እንሂድ? የሳላማንደር ዓይነት የሆነው ኒውትስ እዚያው ይገኛል?

መልስ፦ ቦታውም ጊዜውም አልገጠመም። ይህ ሳላማንደር ዓመቱን ከሞላ ጎደል የሚያሳልፈው ከጫካ አፈር ሥር፣ ትናንሽ እንስሳት በማሱት ጉድጓድ ነው። በብዛት ብቅ የሚለው ለመራባት ሲሆን፣ እናንተ ዘንድ ይህ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች ባለው ጊዜ፣ ዝናብ በጣለበትና ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ በሆነ ሌሊት ነው። መድረሻው በብርዱ ክረምት ሞልቶ በሞቃቱ በጋ የሚደርቅ የጫካ ኩሬ ነው። እንዲህ ያለ ኩሬ ዓሣ አይኖረውም፤ ዓሣ ካለ እንቁላሉም ጫጩቱም ይበላል።

ብዙ ፓርኮች ሲመሽ ስለሚዘጉ፣ ከልጅ ጋር ከሆኑ እንቁላሉን በቀን መፈለግ ይሻላል። በማርች መጨረሻ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ሮክ ክሪክ ፓርክ ወይም ቨርጂኒያ ያለው ፕሪንስ ዊልያም ፎረስት ፓርክ ሄደው፣ እንዲህ ያሉ ኩሬዎች የት እንዳሉ ጠባቂዎቹን ይጠይቁ። ነጸብራቅ የሚቀንስ የፀሐይ መነጽር ያድርጉና ውኃ ውስጥ የገባ ቀጭን ቅርንጫፍ ይመልከቱ። ቡጢ የሚያህል፣ ላዩ ለስላሳና ጠንከር ያለ ዝልግልግ ነገር ካዩ የእሱ እንቁላል ነው። ላዩ እንደ ወይን ዘለላ ጎርበጥ ካለ ግን የእንቁራሪት ነው። እየቆየ አረንጓዴ ቢሆን ተበላሸ አይበሉ፤ ከጽንሱ ጋር ተደጋግፎ የሚኖር አልጌ ነው። ከውኃ አያውጡት።

ኒውት ሲያድግ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅና ሣር የበዛበት ኩሬ ይወዳል፤ መልኩ ወይራማ፣ ነጠብጣቡ ጥቁር ክብ ያለው ቀይ ነው። ወጣቱ ግን ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ ለጥቂት ዓመታት በየብስ ይኖራል። ቆዳው መርዛም ስለሆነ በቀን ሳይፈራ ይንሸራሸራል። ለበጋ ሽርሽር የሚሆናችሁ እሱ ነው፤ ቨርጂኒያ ያለው ሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ዝናብ ባባራበት ጠዋት መንገዱን እያዩ ይሂዱ።

የተባይ መከላከያ ወይም የፀሐይ ክሬም በተቀባ እጅ አይንኳቸው፤ በቆዳቸው ይሰርጋል። የገለበጡትን ግንድ እንደነበረ ይመልሱ። ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ሲሄዱ ጫማዎን አጥበው ያድርቁ፤ የፈንገስ በሽታ በጭቃ ይጓዛል።

ጥያቄ፦ ሀገር ቤትስ አለ?

መልስ፦ የለም። አፍሪካ ውስጥ ሳላማንደር በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ እንደ ሞሮኮና አልጄሪያ ባሉ አገሮች ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚመስል ካዩ እንሽላሊት ነው፤ ቆዳው ቅርፊት፣ ጣቱ ጥፍር አለው። ሳላማንደር ሁለቱም የሉትም።