ጋደም ስል ልቤ ድው ድው ይላል

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? 36 ዓመቴ ነው። አያት አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ልጆቼ ጋር ብቻዬን ነኝ። ከሁለት ወር ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ቀን ሥራ ላይ ደህና እውላለሁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ጋደም ስል ግን ልቤ ድው ድው ማለት ይጀምራል። ትራሱ ውስጥ ሁሉ ይሰማኛል። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ፣ ተነስቼ ውሃ እጠጣለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ዓይኔ እንደፈጠጠ ነው። ስልኬም ትራሴ ሥር ነው፣ ድንገት ባለቤቴ ቢደውል ብዬ። ክሊኒክ ሄጄ ግፊቴን ለኩኝና «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ብለው መለሱኝ። ጎረቤቴ ከራሷ ዳያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጠችኝ። ሁለት ሌሊት ወሰድኩት፤ በነጋታው ሱቅ ውስጥ ደንዝዤ መልስ ስሳሳት ዋልኩ። ፈራሁና ተውኩት። ከሷ ጋር 11 ሰዓት ላይ ከምንጠጣው ቡና ሌላ ሱስ የለብኝም። ልቤ አንድ ሌሊት ቀጥ ይል ይሆን? ልጆቼ ከኔ ሌላ አጠገባቸው ማንም የለም።
ከአያት

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ የመጨረሻው መስመር ላይ ቆምኩ። ሌሊት አብሮሽ የሚተኛው ፍርሃት እሱ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ግን ምርመራው። ግፊት መለካት ብቻውን አይበቃም። ተመልሰሽ ሂጂና ሦስት ነገር ይታይልሽ፤ የደም መጠንሽ፣ ታይሮይድሽ (የእንቅርት ዕጢሽ) እና ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ምትሽ በመሣሪያ የሚነበብበት ምርመራ። ደም ያነሰው ሰው ልቡ ባለችው ደም ኦክስጅን ለማዳረስ ቶሎ ቶሎ ይመታል። የወር አበባሽ የሚበዛ ከሆነ ሳትጠየቂ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ብዙ ሴት ይህንን ትደብቃለች። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራም ልብ ያስሮጣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እየበሉ ያከሳል። ቲኤስኤች በሚባል የደም ምርመራ ይታወቃል። ኢሲጂ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ አያምም። ከልብ ምቱ ጋር ደረትሽን ከጨመቀሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አሁን ደስ ያለኝን ልንገርሽ። ቀን ደህና ነኝ ብለሻል። ካርቶን ስታነሺ፣ ልጆች ስታሯሩጪ ልብሽ ከሌሊቱ የበለጠ ይሠራል፤ ግን አታዳምጪውም። ማታ ቤቱ ፀጥ ሲል፣ በተለይ በግራ ጎን ስትተኚ፣ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ጠጋ ስለሚል ምቱ ጎልቶ ይሰማል። ትራስ ላይ የተጫነ ጆሮም የደም ሥሩን ምት ይሰማል። ያንን ስትሰሚ ትደነግጪያለሽ። ድንጋጤው አድሬናሊን ይለቃል፣ አድሬናሊኑ ልብን ያፈጥናል። ከዚያ «ይኸው፣ ባሰበት» ትያለሽ። በየሌሊቱ ሲደጋገም አልጋው ራሱ ማስፈራሪያ ይሆናል።

ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እናቴ ያረፈች ዓመት እኔም እንዳንቺ ሆኜ ነበር። ነርስ ነኝና ሰዓቴን ይዤ የእጄን ምት እቆጥራለሁ። 88። ትንሽ ቆይቼ 96። ከዚያ 110። በቆጠርኩ ቁጥር ይጨምራል! አንድ ሌሊት ተናደድኩና ሰዓቱን ወስጄ ኩሽና፣ ስኳር ጣሳው ላይ አስቀመጥኩት። እዚያው ለነገ ያስቀመጥኩት ያልተለቀመ ምስር ነበር። ደብዘዝ ያለችውን አምፖል አብርቼ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠጠር መልቀም ጀመርኩ። አንድ ጥቁር ፍሬ፣ አንድ ጠጠር፣ አንድ ገለባ። ለምን ያህል ጊዜ እንደለቀምኩ አላውቅም። አንገቴ ዘንበል ሲል ሄጄ ተኛሁ። ያን ሌሊት ተፈወስኩ አልልሽም። በማግስቱ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ። ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጅቶብኛል። ምስር ግን በቤቴ እንደዚያ ጊዜ ተለቅሞ አያውቅም።

ስለዚህ አንቺም እንዲህ አድርጊ። 4 ሰዓት ስለሆነ ብቻ አትተኚ፤ ዓይንሽ ሲከብድ ተኚ፣ 5 ሰዓት ቢሆንም። 20 ደቂቃ ያህል ቆይተሽ ካልመጣልሽ ከአልጋ ውረጂ። ደቂቃውን በሰዓት አትቁጠሪ፣ በግምት ይሁን። ሌላ ክፍል፣ ደብዛዛ መብራት፣ አሰልቺ ሥራ። ስልክ አይሆንም። ሲያንቀላፋሽ ተመለሺ። አሥር ጊዜ ቢሆንም ተነሺ። ጠዋት ደግሞ እንዴትም አድረሽ 12 ሰዓት ላይ ተነሺ፣ እሑድም ቢሆን፤ ቀን ሱቅ ውስጥ አታሸልቢ። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብድሻል። ድካሙ ግን ተጠራቅሞ ማታ ይረዳሻል። እንዲህ ያለው ሥልጠና ቀልድ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት መሞከር ያለበት ይህን የመሰለው የባሕርይ ሕክምና ነው ብሏል። ብቻሽን ካቃተሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያግዝሻል። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባልም አትደንግጪ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰውም የሚሄድበት ቤት ነው።

ልብሽ ሲመታ እጅሽን ከደረትሽ አንሺ። ሆድሽ ላይ አድርጊው። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። አወጣጡ ረዘም ሲል ልብ ረገብ ይላል።

ቡናውን በተመለከተ እንደ ቀላል ነገር ማለፍሽ ላይ አልስማማም። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 11 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለሽ ከጠጣሽ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ደምሽ ውስጥ ነው። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይቆያል። ቡናውን ተይ አልልሽም፤ የጎረቤት ጨዋታ የሚቀር ነገር አይደለም። ጠዋት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ አድርጉት።

የባለቤትሽን ስልክ አስቤበታለሁ። ትራስ ሥር ስልክ አድርጎ የሚተኛ ሰው እንደ ዘበኛ ነው የሚያድረው። ተነጋገሩ። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ አዋሽም ይሁን ሚሌ የቆመበት ቦታ ሆኖ ይደውል። ኔትወርክ ካልያዘለት ጠዋት ቆሞ እንደሚደውል አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ዝም ማለቱ ክፉ ወሬ እንዳይመስልሽ። ከዚያ ስልኩ ሳሎን ይደር፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። ከደወለ ትሰሚዋለሽ። ለልጆቹም ፍርሃትሽ መልስ ይኑረው። ድንገት ብታመሚ የማንን በር ያንኳኳሉ? ለትልቁ ልጅሽ አሳዪው፣ የዚያን ሰው ስልክ ቁጥር በትልቁ ጽፈሽ በሩ ላይ ለጥፊው። ይህን ያደረግሽ ዕለት ማታ ትንሽ ቀለል የሚልሽ ይመስለኛል።

የተረፈውን ዳያዜፓም ለጎረቤትሽ መልሺላት። ስትመልሺላት ከመቼ ጀምሮ እየወሰደችው እንደሆነ ጠይቂያት። ወራት ከሆናት በአንድ ጊዜ እንዳታቋርጥ ንገሪያት፤ አደጋ አለው፣ በሐኪም ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ለምርመራ ስትሄጂ እሷንም ይዘሻት ብትሄጂ ደስ ይለኛል።