አዲስ የመጣ ውሻን ስለ ማለማመድ፦ ጥያቄና መልስ

ከመንገድ የተነሣ ወይም ከሌላ ሰው ግቢ የመጣ ውሻን በትዕግሥት ስለ ማለማመድ ከአባላት ለቀረቡት ጥያቄዎች፣ በሥራው ረጅም ጊዜ የቆዩት አባላችን መልስ ሰጥተዋል።

ጥያቄ (ከሳሪስ)፦ ዓመት የሚሞላት የምትመስል የመንገድ ውሻ ካስጠጋን አምስት ቀናችን ነው። ከመኪናው ሥር አትወጣም፤ እጄን ስዘረጋላት ትሸናለች። እልኸኛ ሆና ነው?

መልስ፦ እልኸኛ አይደለችም፤ ፈርታለች። የሰው እጅ ከተነሣ ድንጋይ እንደሚከተል እያየች ያደገች ውሻ ሽንቷን መልቀቋ «አልጣላዎትም፣ ተዉኝ» የማለት ያህል ነው። እኛ ውሻ የምናለማምድ ሰዎች የምንጠቀምበት ግምት አለ፦ ውሻው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይደነግጣል፣ በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል፣ በ3 ወር ገደማ ቤቱ የእርሱ መሆኑን ያምናል። መንገድ ላይ ላደገች ግን ከዚህም ሊረዝም ይችላል፤ ምክንያቱም ቡችላ ሰውን ሳይፈራ የሚላመድበት ዋነኛው ጊዜ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ሲሆን፣ እርሷ ያን ጊዜ ያሳለፈችው ምናልባት ቱቦ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመኪናው ራቅ ብለው፣ ጎንዎን ሰጥተው በርጩማ ላይ ይቀመጡ፤ ዐይን ዐይኗን አይመልከቱ፤ ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ሥጋ ቁራሽ ጣል ያድርጉላትና ዝም ይበሉ። ከቀን ወደ ቀን ቁራሹን አንድ ስንዝር ወደ ራስዎ ያቅርቡት። ጎትተው ያወጧት ዕለት አምስቱን ቀን እንደገና ከአንድ ይቆጥራሉ። የእንስሳት ሐኪም ግን ወደ ግቢዎ አስመጥተው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቧት፤ እርሱ ትዕግሥት የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ ውሻዬ አይሰማኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜው ስንት ነው? ከመጣ ስንት ጊዜው ነው? «አይሰማኝም» ማለትዎ ሲጠሩት አይመጣም ነው ወይስ ከድስት ይሰርቃል? ይህን ሳይነግሩኝ የምመልሰው የለኝም። ያልተከተበ ከሆነ ያስከትቡት።

ጥያቄ (ከአዋሬ)፦ የ3 ወር ቡችላችን ሳሎን ይሸናል። አፍንጫውን በሽንቱ ባሸውም አልተወም።

መልስ፦ አፍንጫውን ማሸትዎን ያቁሙ። ቡችላው የሚማረው ሳሎን መሽናት ክልክል መሆኑን ሳይሆን እርስዎ እያዩት መሽናት አደገኛ መሆኑን ነው፤ ነገ ሶፋ ጀርባ ሄዶ ይሸናል። በዚህ ዕድሜ ከ3 እና ከ4 ሰዓት በላይ ሽንቱን መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ሲበላና ተጫውቶ ሲያበቃ ደጅ ይዘውት ይውጡ፤ እንደ ሸና ወዲያውኑ ቁራሽ ይስጡት። ወዲያውኑ ስል ቤት ከተመለሱ በኋላ ማለቴ አይደለም፤ በዚያው ቦታ ነው። ወለሉን በአቼቶና በውሃ ይጠቡ፤ ሽታው ከቀረ ተመልሶ እዚያው ይሸናል። አቼቶን ከበረኪና ጋር ግን ከቶ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

አስተያየት (ከለገጣፎ)፦ ይህ ሁሉ ቅምጥልነት ነው። አባቴ ውሻን ቀን በሰንሰለት አስሮ ሌሊት ይፈታው ነበር፤ ሌባም ግቢያችንን አልደፈረም።

አስተያየት (ከኮተቤ)፦ የእኛም እንዲሁ ታስሮ አደገ፤ አንድ ቀን ሰንሰለቱን በጥሶ የነከሰው ግን ሌባውን ሳይሆን እንጀራ ይዛ የመጣችውን አክስቴን ነው።

አስተያየት (ከለገጣፎ)፦ አክስትዎ ሳያንኳኩ ገብተው ይሆናል።

መልስ፦ የአክስትን ጉዳይ ለቤተሰብ ጉባኤ ይተዉልን። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ እንግዳን ከሌባ መለየት የሚማርበት ዕድል የለውም፤ የቀረበውን ሁሉ ይፈራል፣ መሸሽ ስለማይችልም ይናከሳል።

ጥያቄ (ከጎፋ)፦ አዲሷ ውሻችን ስትበላ በልጄ ላይ አጉረመረመች። ልቅጣት?

መልስ፦ ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማጉረምረሟን በዱላ ካስተዉአት ሳታስጠነቅቅ ትነክሳለች። ውሻ ሲበላ ሕፃን አይቅረብ። ድንገት ከነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ውሻዋንም ለ10 ቀን ለይተው ይከታተሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለ ክትባት የምደጋግመው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከሃያ ሁለት)፦ የዶሮ ወጥ ትራፊ ለሽልማት ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰባብሮ አንጀት ይበሳል። የቅርጫ ሳንባና ጉበትም ጥሬውን አይስጡ።

ጥያቄ (ከሲኤምሲ)፦ የጀርመን ውሻ አሁን ዋጋው ስንት ደረሰ?

መልስ፦ ስለ ዋጋ አልመልስም።

ጥያቄ (ከሰሚት፣ በድጋሚ)፦ ዕድሜው 4 ዓመት ነው፤ ከመጣ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የቀድሞ ባለቤቱ «መቻል» ይለው ነበር። በዚያው ስም ስጠራው ይደበቃል።

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ይመለሳል። ሲጠሩት የሚደበቀው ምናልባት በዚያ ስም እየተጠራ ይመታ ስለነበር ነው፤ ስሙንም ያወጡለት ለጎረቤት መልእክት እንጂ ለእርሱ ብለው ላይሆን ይችላል። አጭር አዲስ ስም ያውጡለት፤ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ጠርተው ቁራሽ ይስጡት፤ ይህንንም በቀን ዐሥር ጊዜ ያህል ያድርጉ። ለማጠብም ሆነ ለማሰር በዚያ ስም አይጥሩት፤ ያኔ እርስዎ ሄደው ያምጡት። ዘጠኝ ቀን ደግሞ ገና ምንም አይደለም። ስለ ክትባቱ ግን አሁንም አልጻፉልኝም።