የቻይና አክሮባቶችን ለማየት ልጆች ይዤ ልሂድ ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንድ የቻይና አክሮባት ቡድን ለአንድ ምሽት ከተማችሁ ሊመጣ ነው። ልጆችሽ አራትና ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የአራት ሰው ትኬት ከበደሽ፣ ዩቲዩብ ላይ በነፃ እየታየ ያዋጣል ወይ አልሽ። ደግሞ «ልጆቹን እያሰቃዩ አይደለም ወይ የሚያሰለጥኗቸው?» ብለሻል። አጭሩ መልስ ሂጂ ነው። ረጅሙን ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ይህን የምልሽ ትንሽ ስለቀመስኩት ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰርከስ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጅማ፣ መቀሌ፣ ናዝሬት ሲዛመት እኔም ናዝሬት ከሰፈር ልጆች ጋር ገባሁበት። ፍራሻችን ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ ነበር። በእጅ መቆም የተማርኩት የጎረቤት ግድግዳ ተደግፌ ነው። ሁለት ዓመት እንደሠራሁ ክንዴ ወለቀ። እናቴ «በቃ» አለች፣ በቃ። ዓይኑ ግን ቀረልኝ። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ የቻይና ቡድን በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ፤ እስካሁን አምስቴ ገብቻለሁ።

ድንኳንና ዝሆን እንዳትጠብቂ። የሚሠሩት ቴአትር ቤት መድረክ ላይ ነው፣ እንስሳ የለም። አንበሳ ይወጣል፣ እሱም በአንድ ቆዳ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጭንቅላቱን ይዟል፣ ሌላው አጎንብሶ ከኋላ ነው፣ ምንም አያይም። እንዲያም ሆኖ ትልቅ ኳስ ላይ ወጥተው እየተንከባለሉ ይሄዳሉ። እኔ ከኋለኛው ሰውዬ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

ይህ ሙያ እነሱ ዘንድ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ነው፤ «ዛጂ» ይሉታል። ሄበይ ግዛት ውስጥ ዉችያው የምትባል ወረዳ አለች፣ የሙያው አገር ናት። ስለ እሷ ሲባል፣ ከዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ እስከ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ሁሉም አንድ ጥበብ አያጣም ይባላል። ገበሬዎች ናቸው የጀመሩት። ለዚህም ነው መሣሪያቸው ሁሉ የቤት ዕቃ የሆነው፦ ሳህን፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ጋን፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ። አንዷ ሴት በጀርባዋ ተኝታ የእንስራ እናት የሚያህል ጋን በእግሯ ስታሽከረክር ባየሁ ጊዜ፣ አጠገቤ የነበረችው አክስቴ «ኧረ የሰው ዕቃ!» ብላ ጮኸች።

ሳህን በዘንግ ጫፍ ላይ የሚያሽከረክሩት ልጃገረዶች ሲወጡ ልጆችሽ «በሙጫ ተጣብቋል» ይሉሻል። የኔም ብለዋል። ከሳህኑ ሥር ክብ ከንፈር አለ፣ የዘንጉ ጫፍ እሱ ውስጥ ይገባል። ዘንጉ ቀጭንና ተጣጣፊ ነው። የልጅቷ የእጅ አንጓ ትንሽ ትንሽ ክብ እየሠራ ያዞረዋል። እንዝርት እስከዞረ ድረስ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ማለት ነው፤ ዘገም ሲል ያጋድላል። እሷ በየእጇ ብዙ ዘንግ ይዛ፣ ወገቧን ወደ ኋላ አጥፋ፣ አንዱም እንዳይዘገም ትጠብቃለች። ፊቷ ላይ ፈገግታ ነው፤ አንጓዋን እዪው።

አሁን ወደ ወንበሩ ልምጣ። ለኔ የትኬቱ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ያየሁት ልጅ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አራት ጠርሙስ አቆመ። የመጀመሪያውን ወንበር አራት እግር በጠርሙሶቹ አፍ ላይ አሳረፈ። በሱ ላይ ሌላ፣ በሱም ላይ ሌላ። እያንዳንዱን ሲጨምር በእጁ ይቆምበታል። ሰባት ቆጠርኩ። የመጨረሻውን ወንበር ረዳቱ በረጅም እንጨት ነው ያቀበለው፤ እሱንም አጋድሞ በአንድ ጥጉ አስቀመጠው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ እግሩን ያያል፣ እግሩ ግን ምንም አይነግርሽም። መዳፉን እዪ። ሰውነቱ ወደ ጣቶቹ በኩል ሲያጋድል ጣቶቹን ይጫናል፣ ጫፋቸው ይነጣል። ወደ ሌላው ሲሄድ ክብደቱን ወደ መዳፉ ሥር ይመልሳል። ቆመ የምንለው ሰው እንዲህ እየወደቀና እየተመለሰ ነው። ከዚያ ወንበሩ «ሲጥ» አለ። ይህችን ድምፅ ዩቲዩብ አያሰማሽም፤ ሙዚቃ ይለጥፉበታል፣ ካሜራውም ፊቱን ያጎላዋል።

ቪዲዮ ውስጥ ስህተትም የለም። አንድ ምሽት ቀለበት የሚሾልኩት ወጡ። ይህ ትርኢት ከሃን ሥርወ መንግሥት፣ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ያለ ነው፤ ያኔ ስለት በተሰካበት በተጠቀለለ ምንጣፍ መሃል ነበር የሚሾለከው። አሁን ቀለበቶች ተደራርበው ይቆማሉ። አንዱ ልጅ ከላይኛው ለመሹለክ ዘሎ ትከሻው ነካውና ቀለበቱ ወደቀ። ደገመ፣ ወደቀ። በሦስተኛው አለፈ፣ አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። እስከዚያ ስታዛጋ የነበረችው ልጄ ወንበሯ ላይ ቆመች። እንዲያውም ምስጢር ልንገርሽ፦ አንዳንዴ የመጀመሪያው ስህተት ታስቦ የሚደረግ ነው። እንዴት ይታወቃል ካልሽ ሙዚቃውን ስሚ። ሙዚቃው ለስህተቱ ቦታ ትቶለት ከነበረ ቲያትር ነው። ያን ቀን ግን ሙዚቃው ጥሏቸው ሄዶ ነበር።

ብስክሌቱ መጨረሻ አካባቢ ይመጣል። አንድ ብስክሌት ላይ ከአሥር በላይ ልጆች ይሳፈሩና እንደ ፒኮክ ጭራ ይዘረጋሉ። የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ የጫናቸው ነው የሚመስለው።

ስለ ሥልጠናው እውነቱን ልንገርሽ። ብዙዎቹ በስድስት፣ በሰባት ዓመታቸው ይጀምራሉ፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ነው። መሠረቱ አራት ነገር ነው፦ ወገብ፣ እግር፣ መገለባበጥ፣ በእጅ መቆም። በተለይ ወገቡ ያማል፤ ሰውነታቸውን እንደ ሊጥ የሚያጥፉት ሲወጡ የኔ ጀርባ ነው የሚያሳክከኝ። ጭካኔ ነው ብዬ ልዘጋው አልችልም፣ ምንም ችግር የለውም ብዬም አልዋሽሽም። ከኛም አገር ልጆች ዉችያው ድረስ ሄደው የተማሩ አሉ፣ ዕድል ነው ብለው ነው የሚሄዱት። ልጅሽ ከጠየቀችሽ እንዲሁ ንገሪያት፤ ዘጠኝ ዓመት ይገባታል።

እነዚህ ቡድኖች መዞር የጀመሩት ለትኬት ብቻ አልነበረም። ቻይና የመንግሥት ቡድን ያቋቋመችው በ1950 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ቶሎም ወደ ውጭ ላከችው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግ በሄደበት ዓመት፣ በ1972 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ፣ የሼንያንግ ከተማ ቡድን አሜሪካ መጥቶ ታየ። የዛሬዎቹ በአብዛኛው ንግድ ናቸው፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። አንዴ ፖስተሩ ላይ አርባ ሰው አይቼ ገባሁ፤ መድረኩ ላይ አሥራ አራት ሆኑ። አንዷ ልጅ ልብስ እየቀያየረች አራቴ ወጣች። መጥፎ አልነበረም፣ ግን የአርባ ሰው ገንዘብ ነው የከፈልኩት። ደውለሽ «ስንት ሰው ነው የሚመጣው?» በያቸው።

ቦታ ስትመርጪ የፊተኛው ረድፍ ይቅርብሽ፤ አንገትሽ ይሰበራል፣ መሬት ላይ የሚሠራውም አይታይም። ፎቅ ካለው የፎቁ የመጀመሪያ ረድፍ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የአራት ዓመቱን ጫፍ ላይ አስቀምጪው። ከዕረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ድምፁም ከፍተኛ ነው። ዕረፍቱ ላይ ቢተኛ አትቀስቅሺው።

ስትወጡ በር ላይ የፕላስቲክ ሳህን ከነዘንጉ ይሸጣሉ። ውድ ነው ብዬ አልፌ ሄድኩ። በማግስቱ ልጆቹ በማማሰያ ሞከሩት። እስካሁን ሦስት የሾርባ ሳህን ሄዷል።