የአንባቢያን ጥያቄ፦ ማፍ ሴንሰሩ ይቀየር ወይስ ይስተካከል?

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦ 1.6 ኮሮላ አለኝ። የሞተር መብራት በርቶ ስካነር ሲሰካ ፒ0171 ይላል። መካኒኩ ማፍ ሴንሰሩ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው) ሞቷል፣ ግዛ አለኝ። ከመግዛቴ በፊት ማረጋገጥ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ማረጋገጥም አለብዎት። ኮዱ የሚለው ከአየሩ አንጻር ነዳጅ አንሷል ብቻ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይናገርም።

ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ኤሲው ይጥፋ። ስካነሩ ላይ ሾርት ትሪምና ሎንግ ትሪም የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች (ኮምፒውተሩ ነዳጁን በመቶኛ ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳዩ) ደምረው ያንብቡ፤ መጀመሪያ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፣ ከዚያ 2,500 ዙር ላይ ይዘው። በሚኒሞ +18 የነበረው በ2,500 ዙር ወደ +4 ከወረደ ማፉን ይተዉት፤ ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር አለ። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ የትንሽ ስንጥቅ ድርሻ ይገዝፋል፤ ዙሩ ሲጨምር ግን ይዋጣል። በድሬ ሙቀት ቶሎ የሚሰነጠቀው ከማፉ እስከ ስሮትል (ነዳጅ ሲረገጥ ለአየሩ የሚከፈተው በር) ያለው የተሸበሸበ የጎማ ቱቦ ነው። ተገጥሞ እያለ ደህና ይመስላል፤ ፈተው ሽብሽቡን በእጅ ሲለጥጡት ነው ስንጥቁ አፉን የሚከፍተው። በተለይ የታችኛውን ጎን ይዩ።

ነገሩ ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ማለትም በሚኒሞ +5 ሆኖ ዳገት ላይ ወደ +20 ከወጣ፣ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ አሳንሶ የሚለካ ማፍ ወይም የደከመ የነዳጅ ፖምፓ። የነዳጁን ግፊት በጌጅ ይለኩ። በዚህ ሞተር ከ3.0 እስከ 3.5 ባር መሆን አለበት፤ ሲጫንም መውረድ የለበትም።

ግፊቱ ደህና ከሆነ ማፉን በሂሳብ ይያዙት። ድሬዳዋ ላይ በ35 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር አየር 1 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሂሳቡን የሚያቀልልን ይህ ነው። 1.6 ሊትር ሞተር በ5,000 ዙር በሰከንድ 1.6 × 5,000 ÷ 120፣ ማለትም ወደ 67 ሊትር የመሳብ አቅም አለው። ሲሊንደሩ በተግባር የሚሞላው ከ80 እስከ 90 በመቶ ስለሆነ፣ ነዳጅ እስከ ጥግ ተረግጦ ማፉ በሰከንድ ከ53 እስከ 60 ግራም ማሳየት አለበት። በሚኒሞ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ግራም። ባዶ መንገድ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ይሞክሩት፤ ስካነሩን ሌላ ሰው ይያዘው። 40 ላይ ከቆመ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ይሞክሩ። ያለ ፊልትሮ መንዳቱ ግን ለዚያች ሙከራ ብቻ ነው፤ የድሬ አቧራ አይምርም። ቁጥሩ አሁንም ካልወጣ ማፉን ይጠቡት። መግዛት የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ (ከሸንኮር፣ ሐረር)፦ የማፉን ቱቦ ከ60 ወደ 70 ሚሊሜትር ቀይሬያለሁ። ሴንሰሩ ያው ነው፤ የሞተሩን ኮምፒውተርም በላፕቶፕ መክፈት እችላለሁ። የማፉን ሰንጠረዥ (የሴንሰሩን ቮልቴጅ ወደ ግራም የሚቀይረውን) እንዴት ላስተካክል?

መልስ፦ የቱቦው ስፋት በካሬ ስለሚሰላ መነሻው 70 ÷ 60 በራሱ ሲባዛ ነው፤ 1.36። የሰንጠረዡን የግራም ዓምድ በሙሉ በዚህ ያባዙ። ይህ ሞተሩን ለማስነሳት እንጂ ለመጨረስ አይበቃም፤ ሴንሰሩ በአዲሱ ቱቦ ውስጥ የሚያገኘው የአየር አካሄድ ይለወጣልና።

ከመቀጠልዎ በፊት የኢንጀክተሮቹ (ነዳጅ የሚረጩት) መጠን በኮምፒውተሩ ውስጥ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ የኢንጀክተሩን ስህተት በማፉ ሰንጠረዥ ሸፍኖ ይሄዳል፣ የአየር መጠኑን የሚጠቀም ሌላው ስሌት ሁሉ፣ የካንዴላው ጊዜ ጭምር፣ አብሮ ይዛባል።

ኮምፒውተሩ በኦክስጅን ሴንሰር ራሱን በሚያርምበት ክልል ትሪሞቹን ይጠቀሙ፦ ድምራቸው +8 ከሆነ በዚያ ቮልቴጅ ላይ ያለውን የግራም ቁጥር በ1.08 ያባዙ። በዚህ ክልል ዋይድባንድ (የአየርና የነዳጅን ምጣኔ በቁጥር የሚያነብ የጭስ ማውጫ ሴንሰር) አይረዳም፤ ኮምፒውተሩ አርሞት ሁሌም ወደ 14.7 ያሳያልና። ነዳጅ እስከ ጥግ ሲረገጥ ግን ትሪም ስለማይሠራ፣ ዋይድባንዱ ያነበበውን ለታዘዘው ያካፍሉ። ታዝዞ የነበረው 12.5 ሆኖ የተነበበው 13.1 ከሆነ 1.05 ገደማ ነው፤ 62 ግራም የነበረው 65 ይሆናል።

ነዳጅ በድንገት የተረገጠበትን ወይም የተለቀቀበትን ንባብ ይጣሉ። ጥቂት ንባብ ብቻ ያገኘ ነጥብ አይነካ። ከእርምት በኋላ መስመሩ ለስላሳ ሆኖ መውጣት አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ ጉብታ ካለ ሰንጠረዡን ሳይሆን ማፉ አጠገብ ያለውን የቱቦ ክርን ይጠርጥሩ። ከሐረር ወደ ደንገጎ ያለው መንገድ ሸክሙን ስለሚያፈራርቅ ለንባብ ጥሩ ነው።

ጥያቄ (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)፦ ማፍ በቤንዚንና በጥጥ ይታጠባል?

መልስ፦ በጥጥ በፍጹም፤ ሽቦዋ ከፀጉር ትቀጥናለች። ቤንዚንም የካርቡሬተር ማጠቢያም ቅሪት ይተዋሉ፤ ኮምፕሬሰርም አይነፋበት። ለማፍ ተብሎ የተሠራውን ስፕሬይ ሳይነኩ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይንፉበትና ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ይግጠሙ።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ መኪናዬ ማፕ (የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር) እንጂ ማፍ የለውም። በምን ልፈትሸው?

መልስ፦ ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሱ ያንብቡ። ሐረር ላይ 81፣ ድሬዳዋ ላይ 88 ኪሎፓስካል አካባቢ መሆን አለበት፤ 2 ወይም 3 ቢዛነፍ አያሳስብም። ሐረር ላይ ሆኖ 101 የሚያሳይ ሴንሰር የባሕር ጠረፍን ግፊት እየነገረዎት ነው፤ ሞተሩም ያላገኘውን አየር አገኘሁ ብሎ ነዳጅ ያበዛል። አንዳንድ ኮምፒውተሮች ደግሞ የአካባቢውን ግፊት የሚያነቡት ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ነው። ከድሬ ተነስተው ደንገጎን ሲወጡ ጥቁር ጭስ ካስቸገረዎት፣ ዳገቱ ሲያልቅ ቆመው ሞተሩን አጥፍተው ያስነሱ።