ኮፒውን የያዘችው ሴት

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ተለማማጅ ጋዜጠኛ፣ «ኮፒ ማለት ከሌላ የተቀዳ ማለት አይደል? ታዲያ የድሮ ጋዜጠኞች የራሳቸውን ጽሑፍ ለምን ኮፒ ይሉታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ቀላል ነበር። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

መልሱ ያለው ማተሚያ ቤት ነው። ፊደል ለቃሚው እያየ የብረት ፊደላትን ለኅትመት የሚለቅምበት ወረቀት ኮፒ ይባል ነበር። ከዚያ ወዲያ ቃሉ በእንግሊዝኛ ጋዜጦች ቤት ያልገባበት ጓዳ የለም። ወረቀቱን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚያመላልሰው ልጅ ኮፒ ቦይ ይባል ነበር። የአሜሪካውን ፕሬዝዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረደውን የዋተርጌት ቅሌት ከጓደኛው ጋር የተከታተለው ጋዜጠኛ ካርል በርንስታይን በ16 ዓመቱ የጀመረው በዚህ ሥራ ነው። ለንደን ውስጥ ዘጋቢው በስልክ የሚነግራትን በታይፕ የምትመታው ኮፒ ቴከር ትባል ነበር። ከሚጎርፈው ዜና የሚሆነውን የሚመርጠው ደግሞ ኮፒ ቴስተር ይባላል። አፉን በከፈተ ቁጥር ዜና የሚወጣው ፖለቲከኛም «ጉድ ኮፒ» ነው። ገዝታችሁ በብብታችሁ የምትይዙት አንዱ ጋዜጣ ራሱ ኮፒ ነው።

እኔን ያስቆጨኝ ግን ኮፒ ሆልደር የሚባለው ነው።

በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ስሠራ ማታ ማታ ማተሚያ ቤት እወርድ ነበር። እርማት ክፍል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዷ፣ ኮፒ ሆልደሯ፣ ኮፒውን ይዛ ጮክ ብላ ታነባለች፤ አራሚው ፕሩፉን፣ ለእርማት የታተመውን የሙከራ ወረቀት፣ በብዕሩ ጫፍ ይከተላል። ኮማው፣ ነጥቡ፣ ትልቁ ፊደል፣ ሁሉም ይጠራል። ድምፅዋ ዳዊት እንደሚደግም ሰው አይቸኩልም፣ አይዘገይም። ሻይ የሚያመጣልን ልጅ እንኳ ብርጭቆውን የሚያስቀምጠው አንቀጽ እስክትጨርስ ጠብቆ ነበር።

አንድ ማታ የመኪና አደጋ ዜና ደረሰ፤ የሟቾች ስም ዝርዝር አለበት። አንዱን ስም ስትጠራ አራሚው «ቆይ፣ እዚህ የለም» አላት። ለቃሚው አንድ መስመር ዘሎ ነበር። ስሙን ፊደል በፊደል ደገመችለት። መስመሩ በቀለጠ የእርሳስ ብረት እንደገና ወጣ። ሁሉም ስም ካልተሟላ አልነሳም ብላ አዲሱ ፕሩፍ እስኪመጣ ጠበቀች። ያ ሟች በጋዜጣው ላይ ስሙን ያገኘው በእሷ ነው። የእሷ ስም ግን አንድም ቀን አልወጣም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ክፍሉ ተዘጋ። ያን ድምፅ በካሴት ባስቀረሁት፣ ሙያውን ከማን እንደተማረች በጠየቅኋት እያልኩ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚያ ዘመን ኑሩ ማለቴ አይደለም። እርሳሱ ጤና ይጎዳል፤ እንኳን ቀረ። ደግሞ ያ ክፍል ነገ ቢከፈት ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። የዛሬ ልጆች ከእኛ ትፈጥናላችሁ፣ የማታገኙት መረጃ የለም። ግን የተሳሳተ የሰው ስም ከአንዱ ቴሌግራም ቻናል ወደ ሌላው እንደተሳሳተ ሲያልፍ ሳይ ያመኛል። ኒውዮርክ ታይምስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ለብቻው የቆመውን ኮፒ ዴስክ፣ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት የሚያርመውን ክፍል፣ ሲያጥፍ አዝኛለሁ።

ምንጭ አጣሩ አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ግን ሞክሩልኝ። ከመልቀቃችሁ በፊት ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ጓደኛችሁ ስክሪኑን ይከተል። ስም ላይ ስትደርሱ ፊደል በፊደል ጥሩ። ቁጥርም እንዲሁ።